«የአንዲት ሚስት ባል»፦ ደሴ ላይ የወሰድኩት የሦስት ቀን ስልጠና

ባለፈው ወር ደሴ ሄጄ የሦስት ቀን ስልጠና ወስጃለሁ። ርዕሱ «ከአንድ በላይ ማግባትና የቤተ ክርስቲያን አመራር» ነው። ክፍያው 900 ብር፤ ምሳ፣ ሻይና የማስተማሪያ ጽሑፍ ተጨምሮበት። የተዘጋጀው ለሽማግሌዎች፣ ለወንጌላውያንና ለአጥቢያ አገልጋዮች ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ «እንዴት ነበር? እንመዝገብ ወይ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ከማወራ እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። ኮምቦልቻ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። በአጥቢያችን ካሉት ሰባት ሽማግሌዎች አንዷ ነኝ፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። የተወለድኩት ሐይቅ ነው። አባቴ ሁለት ሚስት ነበረው፤ እናቴ ሁለተኛዋ ናት። አባቴ ክርስቲያን ሲሆን ከግቢው እንድትወጣ የተደረገችው እሷ ናት። ስልጠናውን ያየሁት ከዚህ ተነስቼ ነው። ይህን አውቃችሁ አንብቡኝ።

ቦታው ከፒያሳ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ከሆነ በመጀመሪያው ሚኒባስ ውጡ፤ የሐረጎን ዳገት ጉም ከያዘው ጉዞው ይጓተታል። አዳራሹ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ግን ይበርዳል። ጋቢ ያዙ። ምሳው ጥሩ ነበር። ረቡዕ ዕለት ለሚጾመውም ለማይጾመውም ለየብቻ ቀረበ፤ ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። ፎቶኮፒው ግን ገርጥቶ አንዳንዱ ገጽ አይነበብም። 900 ብር የከፈለ ሰው የሚነበብ ወረቀት ይገባዋል። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ቆመ። አሰልጣኙ ማርከር አንስተው እዚያው ሰሌዳው ላይ ቀጠሉ፤ እንዲያውም ያኔ ይበልጥ ገባን።

የመጀመሪያው ቀን በአንድ ሐረግ ላይ ነው ያለፈው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥2፣ «የአንዲት ሚስት ባል»። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጡ መጋቢ ናቸው። ረጋ ብለው ነው የሚያስተምሩት፤ ሰው ሳይገባው አያልፉም። የግሪኩን ቃል በፊደላችን ጻፉልን፦ «ሚያስ ጉናይኮስ አንድራ»። «የአንዲት ሴት ወንድ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ይህ ቃል በየዘመኑ እንዴት እንደተተረጎመ አሳዩን። አንዳንዱ «በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ያላገባ» ይለዋል። አንዳንዱ «በዕድሜው አንዴ ብቻ ያገባ» ይለዋል። ሌላው «ዓይኑ የማይቅበዘበዝ፣ ለሚስቱ የታመነ» ብሎ ይወስደዋል።

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ንጽጽር ነው። እዚያው መልእክት ላይ ምዕራፍ 5 ቁጥር 9 ስለ መበለቶች ሲናገር «የአንድ ባል ሚስት» የነበረች ይላል። በዚያ ዘመን ደግሞ ሁለት ባል አንድ ላይ የነበራት ሴት የለችም። ታዲያ ሐረጉ የሚስት ቁጥርን ብቻ ከሆነ የሚናገረው፣ ለሴቶቹ ምን ትርጉም አለው? እንግዲህ ስለ ታማኝነት፣ ወይም አንዴ ስለ ማግባት ይሆናል የሚናገረው። ሃያ ዓመት ይህን ጥቅስ ሳነብ ሁለቱን አጋጥሜ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ የኦርቶዶክስ መምህር ተጋብዘው ነበር። አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ወሎ ውስጥ ስለ ክህነት አውርቶ እነሱን አለመጋበዝ ነውር ነው። መምህሩ ነገሩን ሲያስረዱ ወረቀት እንኳን አልያዙም። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ያገባል። ከተካነ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ብትሞት ይመነኩሳል፤ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። ጳጳስ የሚሾመው ከመነኮሳት ነው። በሐዋርያት ቀኖናም ከጥምቀት በኋላ ሁለት ጊዜ ያገባ ወይም ዕቁባት የያዘ ወደ ክህነት አይገባም። ከዚያ «ሁለት አይወዱ፣ ከመነኮሱ አይወልዱ ይባል የለ?» ብለው ተቀመጡ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የክህነት ሥርዓት መሆኑ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ቀን የስልጠናው ልብ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ነገር የአፍሪካ ጣጣ አድርገን ነው የምናስበው። አሰልጣኙ የጀመሩት ከጀርመን ነው። የሄሴኑ መስፍን ፊልጶስ ሕጋዊ ሚስቱ እያለች በ1540 እ.ኤ.አ. ሌላ ሴት ደርቦ አገባ። ከዚያ በፊት የተሐድሶ መሪዎቹን ማርቲን ሉተርንና ሜላንክቶንን አማክሮ ነበር። እነሱም በምስጢር እስከያዘው ድረስ ይሁን አሉት። ነገሩ አፈትልኮ ወጣና ትልቅ ቅሌት ሆነ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የሉተርን ስም በአክብሮት የምንጠራ ሰዎች ነን። አሰልጣኙ ይህን ያመጡት ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ለመስፍን ሲሆን በር ተከፍቶ፣ ለገበሬ ሲሆን በር መዘጋቱን እንድናስተውል ነው። ይህን በግልጽ ነው የተናገሩት።

ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄድን። በ1850ዎቹ ኮሌንሶ የሚባሉ የናታል የእንግሊካን ጳጳስ ነበሩ። ከዙሉዎች ጋር እየኖሩ አንድ ነገር አዩ። ብዙ ሚስት ያለው ሰው ሲያምን ሚስቶቹን አባር ከተባለ ግፉ የሚወድቀው በሴቶቹና በልጆቹ ላይ ነው። ስለዚህ ሳያባርር ይጠመቅ ብለው ተከራከሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው አልሰማቻቸውም። በ1888 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ላምቤዝ ላይ የተሰበሰቡት የእንግሊካን ጳጳሳት ከአንድ በላይ ያገባ ወንድ አይጠመቅ፣ በትምህርት ይቆይ ብለው ወሰኑ። ሚስቶቹ ግን እንደ ሁኔታው ሊጠመቁ ይችላሉ አሉ።

ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ያው ጉባኤ ሐሳቡን ቀየረ። ሰውየው ካመኑት ሚስቶቹና ልጆቹ ጋር ሊጠመቅ ይችላል። ሚስቶቹ በሕይወት እስካሉ ሌላ እንዳይጨምር ቃል ይገባል። የአካባቢው ምእመናን መስማማት አለባቸው። ሴቶቹ በኑሮ እንዳይጎዱ ደግሞ ማንኛቸውንም እንዲያባርር አይገደድም።

እዚህ ላይ መጻፍ አቆምኩ። 1988 የእኛ 1980 ነው። እናቴ የወጣችው ሰኔ 1976 ነው። አራት ዓመት።

ይህን ሳልናገር የስልጠናውን ነገር መጨረስ አልችልም። አባቴ ከባቲ ጨውና ቅቤ እያመጣ ሐይቅ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱን እትዬ ነበር የምንላት። እናቴን ያገኛት በንግድ ሲመላለስ ባቲ ነው። ሁለቱንም በኒካህ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ ፈቅዶለት ነው ያገባቸው። እናቴ ቅምጥ አልነበረችም። በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ነበር። ሴቶቹ ጣውንት ናቸው፤ ተቀያይመውም ያውቃሉ። ግን እናቴ ስታርስ ገንፎ ያገነፋችው እትዬ ናት። የኔንም እትብት የቀበረችው እሷ ናት።

አባቴ ያመነው በአንድ ጓደኛው በኩል ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ጸሎቱ በየቤቱ ተደብቆ ነበር የሚካሄደው። መጠመቅ ሲፈልግ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቤት መጡ። እሁድ ከሰዓት ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና አፈላች። ቆሎውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አቦሉን ጠጡ። ቶናውን እየጠጡ ሳለ አንደኛው አባቴን «ሁለተኛዪቱ መሄድ አለባት» አለው። ስሟን አልጠራም። ወደ እሷም አላየም። እናቴ ጀበናው እጇ ላይ ነው። አስቀመጠችው፤ ከዚያ መልሳ አነሳችውና በረካውን ልትቀዳ ውኃ ጨመረችበት። እነሱ ግን ተነስተው ሄዱ። በረካው ሳይጠጣ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ ወጣች። ምጣዷን ለእትዬ ተወችላት። እኔ ትምህርት ቤት ስላለኝ ቀረሁ። እትዬ ያን ሰሞን እህል አልቀመሰችም። ባቲ ያለው አጎቴ እናቴን ሲቀበላት «አብሽሪ፣ የኛ ቤት ቤትሽ ነው» አላት። ሙስሊም ነው፤ ስለ ሃይማኖታችን አንድ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ያለውን አካፈላት። ግን 1977 መጣ። የወሎን 1977 ለወሎ ሰው መተረክ አያስፈልግም። ባቲ የእርዳታ መጠለያ ተቋቋመ። ወንድሜ ከዚያ መጠለያ አልወጣም። ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር።

አባቴ ሰኞ ሰኞ ገበያውን ምክንያት አድርጎ ባቲ ይሄድ ነበር፤ በሩን እንኳን ሳይገባ እህል አስቀምጦላት ይመለሳል። ይህ ተሰማበትና ተገሠጸ። «ወደ ተውካት ትመላለሳለህ» ተባለ። ከዚያ በኋላ እህሉን የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ደርግ ወድቆ ነገር ሲከፈት፣ በ1984፣ አባቴ ሽማግሌ ሆኖ ተሾመ። በሹመቱ ቀን የተነበበው 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ነው። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። አባቴ ያን ቀን አንገቱን ቀና አላደረገም። ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። በደሉን ሲሸከም ነው የኖረው። ሽማግሌዎቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደንቡ ስለ እሱ እንጂ ስለ እሷ አንድ መስመር አልነበረውም።

ወደ ስልጠናው ልመለስ። ከሻይ በኋላ ምዕራብ አፍሪካ ገባን። ሌጎስ ውስጥ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሚስት ያላቸውን መሪዎቿን አስወጣች። እነሱም በ1917 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። የአላዱራ የጌታ ቤተ ክርስቲያንን የመሠረቱት ጆሳያ ኦሲቴሉ ደግሞ ሰባት ሚስት ነበራቸው። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በ1975 እ.ኤ.አ. የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት አባል ሆናለች። እዚህ ላይ አዳራሹ ተንጫጫ። ከፊሉ «ዳዊትስ? ያዕቆብስ?» አለ። ከፊሉ «ይሄማ ስሕተት ነው» አለ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። መሪ የአንዲት ሚስት ባል ይሁን። የያዕቆብን ቤት ያነበበ ሰው ልያ ምን ያህል እንደተጠላች ያውቃል። የሐናን ታሪክ ስናነብ መጽሐፉ ራሱ «ጣውንትዋ» ይላል፤ ያ ቃል በአማርኛ ምን ያህል እንደሚመር እናቶቻችን ያውቁታል። እኔም ለልጄ ጣውንት አልመኝላትም። ስለዚህ አሰልጣኙ ደንቡ ለሹመት ይጽና፣ ለጥምቀት ግን በር አይዝጋ ሲሉ እጄን አንስቼ ደግፌያለሁ።

ከሁሉም ያስገረመኝ የካቶሊኮቹ ሕግ ነው። የ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) ቀኖናቸው ቁጥር 1148 ላይ፣ ብዙ ሚስት ያለው ያልተጠመቀ ሰው ሲጠመቅ አንዷን ይዞ ሌሎቹን ይሰናበታል ይላል። በዚህ አልስማማም። ግን አንድ ነገር ይጨምራል። የተሰናበቱት ሴቶች የሚያስፈልጋቸውን እንዲያገኙ የአካባቢው ጳጳስ ማረጋገጥ አለበት። በሰውየው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ አልተወውም። የመሪው ኃላፊነት ነው። ሐይቅ ላይ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ደንብ በእጃቸው ቢኖር ኖሮ፣ አባቴ እህል ማድረሱ ያስመሰግነው ነበር እንጂ አያስገሥጸውም።

አሁን ቅሬታዬ። ጀርመን ሄድን፣ ናታል ሄድን፣ ሌጎስ ሄድን፤ የራሳችን ግን ተዘለለ። ከጽሑፉ 46 ገጽ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ያለው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በ14ኛው መቶ ዓመት መነኮሳቱ ዐፄ ዐምደ ጽዮንን በጋብቻው ምክንያት ፊት ለፊት ገሥጸው ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል። ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብም ነገሥታቱን ከአንድ በላይ በማግባታቸው ሲቃወሙ በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ወደ ግብፅ እንዲመለሱ ተደርገዋል። ይኼ እኮ «የአንዲት ሚስት ባል» የሚለው ቃል በአገራችን ያስከፈለው ዋጋ ነው! ለጉልበተኛ ሳይቀር ደንቡ ደንብ ነው ያሉ ሰዎች ነበሩን። ለመስፍን በር ከከፈተው የጀርመኑ ታሪክ ጎን ይህ ቢቀመጥ ምንኛ ያስተምር ነበር።

ሐይቅ እስጢፋኖስም ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የገዳሙ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። እኔ ሴት ስለማይገባበት ገዳሙን ከውጭ ነው የማውቀው፤ ግን ልጅ ሆኜ ደወሉን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቦሩ ሜዳም እዚሁ አጠገባችን ነው። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሳ ተባለ፤ ኢማም መሐመድ አሊም ያኔ ነው «ሚካኤል» የተባሉት። ያን ጊዜ የጥምቀት አዋጅ ሲወጣ በየቤቱ ያሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ሚስቶች ምን ሆኑ? ጥያቄውን አነሳሁት። አሰልጣኙ ማስታወሻ ያዙና ለሚቀጥለው ዙር እናካትተዋለን አሉ። ቃላቸውን አምናለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከሰዓት በኋላ በነበረው የቡድን ሥራ ላይ ነው። ወረቀት ታደለን። አንድ ሰው ሁለት ሚስትና አምስት ልጆች አሉት፤ አምኖ ሊጠመቅ መጣ፤ ሰዉ ይወደዋል፣ ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ምን ትወስናላችሁ? በቡድናችን ስድስት ነን፤ አምስት ወንድና እኔ። ውይይቱ ጦፈ። ይጠመቅ፣ አይጠመቅ። ሽማግሌ ይሁን፣ አይሁን። ይስበክ ግን አይሾም። የመዘምራን መሪ መሆንስ ይችላል? አርባ ደቂቃ። ሰዓቴን እያየሁ ቆየሁ። ስለ ሁለተኛዋ ሴት አንድ ሰው አንድ ቃል አልተናገረም። ወረቀቱ ላይም የሰውየው ዕድሜና ሥራው ተጽፏል፤ የሴቶቹ ግን የለም። ታምናለች? ትሄዳለች ቢባል የት ትሄዳለች? መሬቱ በማን ስም ነው? ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?

ጠየቅሁ። «እህቴ፣ ርዕሱ እኮ አመራር ነው» አለኝ አንዱ፤ በትሕትና ነው ያለው። የሐዋርያት ሥራ 6ን ክፈቱ አልኳቸው። ሰባቱ ሰዎች የተመረጡት ለምንድነው? መበለቶቹ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ስለተረሱ ነው። አመራር ብላችሁ የምትጠሩት ነገር እዚያ ላይ የጀመረው ሴቶች ምግብ ስላልደረሳቸው ነው። አብርሃምም አጋርን ሲያሰናብት እንጀራና የውኃ አቁማዳ ብቻ ነው ያሸከማት። ውኃው በመንገድ አለቀ። እግዚአብሔር ግን ልጁን ሰማው። ከዚያ በኋላ ቡድናችን ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ስለ ሴቶቹ መጻፍ ጀመረ። ጊዜ አለቀ ተባለ።

ለሻይ ስንወጣ አሰልጣኙ ጠሩኝ። የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። «ለዚህ የሚሆን ገጽ የለንም፤ ነገ 15 ደቂቃ ልስጥዎት?» አሉኝ። አሰልጣኝ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ለዚህ ብቻ ያለኝን አክብሮት ጨመርኩ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት የሕግ ባለሙያ መጣች። አጭርና ግልጽ ነበረች። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 11 መሠረት በጋብቻ ላይ ጋብቻ አይፈቀድም። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 650 ላይ ያስቀጣል። ይህ ክፍል ሁለት ሰዓት ቢሰጠው ደስ ይለኝ ነበር። ሁላችንም ጥያቄ ነበረን፤ በተለይ ስለ ንብረትና ስለ ልጆች። አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጣት።

ከዚያ የኔ 15 ደቂቃ ሆነ። የቡናውን ነገር ነው የነገርኳቸው፤ ሌላ አልጨመርኩም። በረካው ሳይጠጣ ቀረ ስል ከፊት የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ እኛም ጋ እንደዚህ አድርገናል» አሉኝ። «ሴትየዋ አለች፤ መንደሩን አውቀዋለሁ። እሄዳለሁ።» ይሂዱ አይሂዱ ገና አልሰማሁም። ስልካቸውን ይዣለሁ፤ እደውላለሁ።

እንግዲህ መመዝገብ የምትፈልጉ ተመዝገቡ። ገንዘቡን ያወጣል። አሰልጣኙ አዋቂም ትሑትም ናቸው። ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ሰንበት ትምህርት የምታስተምሩም ይጠቅማችኋል። አዘጋጆቹ ግን ሦስት ነገር ያስተካክሉ። አንደኛ ፎቶኮፒው። ሁለተኛ የራሳችን ታሪክ ሙሉ ግማሽ ቀን ይሰጠው፤ የኦርቶዶክሱ መምህርም በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው ቀንም ይኑሩ። ሦስተኛ የሴቶች ቁጥር። ከ38 ሠልጣኝ ሴት 4 ነበርን። ስለ ሚስቶች ሦስት ቀን እያወራን ሚስቶቹ አዳራሹ ውስጥ የሉም።

እናቴ አሁን ከኔ ጋር ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። የመጣሁ ዕለት ማታ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ፤ ያችው ጀበና ተሰብራ ብትጠገንም አለች። የላምቤዙን ውሳኔ ነገርኳት፤ ሴቶቹ እንዳይባረሩ የሚለውን። ዝም ብላ ሰማችና «ነጮቹ ናቸው ያሉት?» አለችኝ። የአፍሪካ ጳጳሳትም አሉበት አልኳት። «እሰይ» አለችና በረካውን ቀዳችልኝ።

ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏል። ከአጥቢያችን ሁለት ሴቶች ይሄዳሉ፤ ክፍያቸውን አጥቢያው ይሸፍናል። አንደኛዋ ባሏ አሁን የጥምቀት ትምህርት ላይ ያለ ሁለተኛ ሚስት ናት። ስለ ቤታቸው ስንወስን እሷም እዚያው ተቀምጣ እንድትናገር ሰባታችንም ተስማምተን በቃለ ጉባኤ አስፍረነዋል።